«ቤት ነሽ አይደል?» ለሚባሉ ሠራተኛ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የ31 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ፣ ከእናቴ፣ ከ17 ዓመት ወንድሜና ከ4 ዓመት ልጄ ጋር ነው። ስድስት ዓመት ቢሮ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት ሠርቻለሁ፤ ከስምንት ወር ወዲህ ግን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ላለ አነስተኛ የሒሳብና የታክስ ቢሮ ከቤቴ ሆኜ እሠራለሁ። ውሌ በቀን 8 ሰዓት ነው፤ አራቱን ሰዓት በፈለግሁት ጊዜ፣ አራቱን ደግሞ እነሱ ጠዋት ቢሮ ሲገቡ አብሬያቸው። ቢሮ ሳለሁ እስከ ምሳ የምጨርሰው የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ አሁን ቀኑን ሙሉ ይፈጅብኛል። ጠዋት 2 ሰዓት ጀምሬ ሌሊት 6 ሰዓት ላፕቶፑን ስዘጋ እንኳ ይኸው አለቀ የምለው ሥራ የለኝም። ከቤት የሚሠራ ሰው ይበልጥ ውጤታማ እንደሆነ በጥናት ተረጋግጧል ይባላል። ታዲያ እኔ ሰነፍ ሆኜ ነው? የሥራ ቦታ ልከራይ ወይስ ወደ ቀድሞው ሥራዬ ልመለስ?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ አስቀድሜ የማነሣው «ሰነፍ ሆኜ ነው?» የሚለውን ነው። ራሱን ሰነፍ ነኝ ብሎ የፈረደ ሰው መፍትሔ ብሎ የሚይዘው ከእንቅልፉ ቀንሶ ሥራው ላይ መጨመር ነው፤ እርስዎም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት 16 ሰዓት ነው፤ ውልዎ ላይ የተጻፈው ደግሞ 8 ነው። የውሉን እጥፍ የሚቀመጥ ሰው ሰነፍ ሊባል አይችልም። የስምንት ሰዓቱ ሥራ ለምን ወደ አሥራ ስድስት ተለጠጠ የሚለውን ግን መመርመር ይገባል፤ መልሱም በባሕርይዎ ውስጥ ሳይሆን ከጥያቄዎ ጋር አያይዘው በላኩት የአንድ ማክሰኞ ውሎ ውስጥ የተቀመጠ ይመስለኛል።

ያን ውሎ ለአንባቢ ስል ባጭሩ ልድገመው። 3 ሰዓት ላይ የአንድ ደንበኛን የባንክ መግለጫ በአንድ ወገን፣ ኩይክቡክስ የተባለውን የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም በሌላ ወገን ከፍተው፣ ሁለቱን መስመር በመስመር እያመሳከሩ ማስታረቅ ጀመሩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እናትዎ «ቤት ነሽ አይደል? እስቲ ወርደሽ ሽንኩርት ግዥልኝ» አሉ። ተመልሰው ከመቀመጥዎ የእድር ገንዘብ ሰብሳቢው በር አንኳኳ። እሱ ሲሄድ ጎረቤት «አሥር ደቂቃ ብቻ» ብላ ሕፃኗን አስቀምጣ ወጣች፤ አሥሩ ደቂቃ አርባ ሆነ። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ቡና ተፈላ፤ አቦሉ፣ ቶናውና በረካው ተጠጥቶ ስኒው ሲነሣ 5 ሰዓት ከ45 ነበር። ከዚያ የውኃ ቆጣሪ አንባቢ መጣ፤ ከዚያም ምሳ ደረሰ። አምስት ጊዜ ተነሥተዋል። ይህ በራሱ ብዙ ነው፤ እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ከታች በኩል እንደ ቀላል ነገር የጣሉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «በተመለስኩ ቁጥር የት ጋ እንዳቆምኩ ስለማላስታውስ ከመጀመሪያው መስመር እጀምራለሁ።» መግለጫው 140 መስመር ነበረው። በ30ኛው መስመር ላይ ተነሥቶ እንደገና ከ1ኛው የሚጀምር ሰው ሠላሳውን መስመር ሁለት ጊዜ ሠርቶታል፤ የሚቆጠርለት ግን አንዴ ነው። በዚያ ጠዋት ሥራ ሳይሠሩ አልዋሉም፤ ያንኑ ሥራ አምስት ጊዜ ሲጀምሩ ዋሉ እንጂ።

እንዲህ የሚሆነው ሥራዎ ለቤተሰቡ ስለማይታይ ነው። በቋንቋችን «ቤት ዋለች» ማለት ሥራ አልሄደችም ማለት ነው፤ «ሥራ ሄደች» ስንልም ሥራ ከቤት ወጥተው የሚሄዱበት ቦታ መሆኑን አስቀድመን ወስነናል። ስድስት ዓመት ሙሉ ቢሮ ሳሉ እናትዎ ደውለው ሽንኩርት ግዥልኝ አላሉዎትም፤ ጎረቤትዎም ሕፃኗን ይዛ ቢሮዎ አልመጣችም። ያኔ የሚከለክላቸው የርስዎ ጥንካሬ ወይም የጊዜ አጠቃቀም ችሎታ አልነበረም፤ ታክሲ ተሳፍረው መሄድዎ ብቻ ነበር። አሁን ያ ጉዞ የለም። ላፕቶፕ ፊት የተቀመጠች ሴት ከበሩ ሆኖ ለሚያያት ሰው ተከታታይ ድራማ ከምታይ ሴት አትለይም። ስለዚህ ራስዎን ከመቅጣትዎ በፊት ሥራው እንዲታይ ማድረግ ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ ለእናትዎ፣ ከዚያ ለራስዎ፣ በመጨረሻም ለአሠሪዎ።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት «በጥናት ተረጋግጧል» ስለሚባለው ነገር ልናገር፤ እርስዎን የጎዳዎት ይህ ግማሽ እውነት ይመስለኛልና። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ፕሮፌሰር የሆነው ኒኮላስ ብሉም ከባልደረቦቹ ጋር፣ ሲትሪፕ በተባለው የቻይና የጉዞ ወኪል ኩባንያ የሻንጋይ የስልክ ጥሪ ማዕከል ያካሄደው ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ ለ9 ወራት ከቤታቸው የሠሩት ሠራተኞች ከቢሮዎቹ ይልቅ ውጤታቸው በ13 በመቶ ጨምሯል። እስከዚህ እውነት ነው። ነገር ግን ለሙከራው የተመረጡት ፈቃደኛ ሆነው የተመዘገቡ፣ ቢያንስ ስድስት ወር በሥራው ላይ የቆዩ፣ ቤታቸው ፈጣን ኢንተርኔት ያለውና ከሁሉም በላይ ለብቻቸው የሚሠሩበት ክፍል ያላቸው ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከ13ቱ መቶኛ 9ኙ የተገኘው ሠራተኞቹ ከፈረቃቸው ውስጥ በእርግጥ ስልክ ላይ ያሳለፉት ደቂቃ ስለጨመረ፣ ማለትም ዕረፍታቸውና የሕመም ፈቃዳቸው ስላነሰ ነው፤ ቀሪው 4 በመቶ ደግሞ ቤቱ ከቢሮው ይልቅ ጸጥ ያለ በመሆኑ በደቂቃ የሚያስተናግዱት ጥሪ ስለበዛ ነው። እንግዲህ ያ ጥናት የተካሄደው ቤታቸው ከቢሯቸው ይልቅ ጸጥ በሚልላቸው ሰዎች ላይ ነበር። አራት ሰው በሚኖርበት የኮንዶሚኒየም ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የሚሠራ ሰው ራሱን ከነሱ ጋር አወዳድሮ ሊያዝን አይገባም። ደግሞም ሙከራው አልቆ ምርጫ ሲሰጣቸው ከቤት ሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ መመለስን መርጠዋል፤ ዋናው ምክንያታቸውም ብቸኝነት ነበር። ይህኛው ክፍል ሲጠቀስ ብዙም አይሰማም።

አሁን ወደ እናትዎ ልምጣ፤ ምላሼ ረዘም የሚለውም እዚህ ላይ ነው። ብዙ አማካሪዎች «ድንበር አብጁ፣ በር ዝጉ፣ እንቢ ማለትን ልመዱ» ይላሉ። ከእናትዎ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚኖሩ ለእርስዎ ይህ ምክር አይሠራም ብቻ ሳይሆን ያስቀይማል። እናት ፊት በር መዝጋት በኛ ዘንድ ኩርፊያ ነው፤ የተዘጋውን በር የሚያንኳኳው ሰውም ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ «ልጅቷ ምን ሆነች?» ለማለት። ስለዚህ እናትዎን ከበሩ ውጭ ከማስቀረት ይልቅ በር ጠባቂ ያድርጓቸው። አንድ እሑድ፣ ቡናው ላይ፣ ሳይቸኩሉ ይንገሯቸው፦ «እማዬ፣ ከነገ ጀምሮ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ተኩል ሥራ ሄዳለች በይኝ። ሰው ቢመጣ ቤት የለችም በይ፤ ሽንኩርቱንም ማታ ጽፈሽ ስጪኝና ጠዋት ልጁን ሳደርስ ይዤ እመለሳለሁ። 5 ሰዓት ተኩል ላይ ቡናሽ ላይ እደርሳለሁ፤ አቦሉን እንዳትጠጪብኝ።» እዚህ ውስጥ ሦስት ነገር እንዳለ ያስተውሉ፦ ቁርጥ ያለ ሰዓት አለ፣ የእናትዎ ጉዳይ የሚፈጸምበት ሌላ ጊዜ አለ፣ ቡናውም አልተነካም። ቡናው ከ4 ሰዓት ተኩል ወደ 5 ሰዓት ተኩል ተዛወረ እንጂ አልቀረም። ቡናውን ይተዉ ብዬ አልመክርም። የሻንጋዮቹን ሠራተኞች ወደ ቢሮ የመለሳቸው ብቸኝነት ለእርስዎ የማያሰጋዎት በዚያ ስኒ ምክንያት ነው።

«ሥራ ሄዳለች» የሚለውን ቃል እናትዎ አምነው እንዲናገሩት ደግሞ የሆነ ነገር ማየት አለባቸው። ጀሞ አካባቢ የሚኖር አንድ ደንበኛዬ የነበረ ሰው ያደረገውን ልንገርዎ፤ መጀመሪያ ሲነግረኝ ስቄበት ነበር። ጠዋት ለብሶ፣ ጫማውን አጥልቆ፣ ቤተሰቡን «ደህና ዋሉ» ብሎ ይወጣል፤ ከጥበቃው ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል፤ ብሎኩን አንድ ጊዜ ዞሮ ይመለስና በቀጥታ መኝታ ቤቱ ጥግ ወዳለችው ጠረጴዛ ይሄዳል። በሦስተኛው ሳምንት ትንሿ ልጁ ለእንግዳ «አባዬ ሥራ ገብቷል» ስትል ሰማት። እርስዎ ልጅዎን ትምህርት ቤት የሚያደርሱ ስለሆነ ይህ ጉዞ በእጅዎ አለ፤ ሲመለሱ በሳሎኑ በኩል ወጥ ቤት ጎራ ሳይሉ በቀጥታ ወደ ሥራ ቦታዎ ይግቡ። በሌሊት ልብስ መሥራትንም ይተዉ፤ አለቃዎ ባያይዎትም እናትዎ ያዩዎታል። የሥራ ቦታዎ ሳሎን መሆኑም ሊቀር ይገባል። እናትዎ ቀን ቀን መኝታ ቤታቸውን የማይጠቀሙበት ከሆነ፣ ለጠዋቱ ሦስት የሥራ ሰዓታት አንዲት ጠባብ ጠረጴዛ እዚያ እንዲያስገቡ ይጠይቋቸው። ክፍላቸውን ያበደሩ እናት የሰጡትን ነገር ይጠብቃሉ፤ ከእርስዎ ይልቅ እሳቸው «ዝም በሉ፣ ሥራ ላይ ናት» ማለት ይጀምራሉ።

ለጎረቤትዎና ለእድር ሰብሳቢው ብዙ ቃል አያስፈልግም። እድሩን በወሩ መጀመሪያ እናትዎ እጅ ላይ ያስቀምጡ። ጎረቤቷን ደግሞ «ከ5 ሰዓት ተኩል በኋላ በደስታ» ይበሏት፤ ለቅሶና ሕመም ካልሆነ በቀር ይህን ሰዓት አያፍርሱ። ለቅሶ ከመጣ ግን ይሂዱ፤ ለአሠሪዎም አስቀድመው ይጻፉ። ለቅሶ ሳይደርሱ ቀርተው ያተረፉት ሦስት ሰዓት ሠፈር ውስጥ የሚያስከፍልዎት ዋጋ ብዙ ነው።

ቀጥሎ ሥራው ለራስዎ የሚታይበትን መንገድ እንይ። ቤቱ ምንም ያህል ቢተባበር ሰው መነሣቱ አይቀርም። ቁም ነገሩ ያቆሙበትን ቦታ ማግኘቱ ላይ ነው። ሶፊ ለሮይ የተባለች የሥራ ባሕርይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ጥናት ሰው አንድን ሥራ ሳይጨርስ ወደ ሌላ ሲያልፍ ከሐሳቡ ከፊሉ በጀመረው ሥራ ላይ እንደሚቀርና ቀጣዩን በሙሉ ልቡ እንደማይሠራ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2018 ከሌላ ተመራማሪ ጋር ባወጣችው ሥራ ደግሞ ለዚህ የሚያግዝ ቀላል ነገር ተገኝቷል፦ ከመነሣት በፊት የት እንደደረሱና ሲመለሱ ምን እንደሚሠሩ ለአጭር ጊዜ አስቦ መጻፍ። በሒሳብ ሥራ ይህ እንዴት እንደሚሆን ላሳይዎት። የባንክ መግለጫውን አትመው ወይም ኤክሴል ላይ አድርገው፣ የታረቀውን መስመር ሁሉ በዚያው ቅጽበት ምልክት ያድርጉበት። ከወንበር ከመነሣትዎ በፊት፣ እናትዎ ሁለተኛ ቢጠሩም እንኳ፣ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ እንዲህ ይጻፉ፦ «47 ላይ ነኝ፤ የ312 ዶላሩ ቼክ በመዝገብ አለ፣ በባንክ የለም፤ ስመለስ የቀደመውን ወር ያልቀረቡ ቼኮች ማየት።» ይህ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይወስድም። ሲመለሱ ከ47 ይቀጥላሉ። ቢሮ ሳሉ ይህን ማስታወሻ ያልፈለጉት ጎበዝ ስለነበሩ ሳይሆን ሳይነሡ 140ውን ስለሚጨርሱ ነው።

ከዚሁ ጋር፣ በየ25 ደቂቃው የሚደውል ሰዓት ይዞ መሥራት ወይም ፖሞዶሮ የሚሉትን ዘዴ ሞክረው እንዳልሆነልዎት ጽፈዋል። እኔም ለማስታረቅ ሥራ አልመርጠውም። የጠፋ ልዩነት እያደኑ ሳለ የሚጮኽ ደወል ከእናትዎ ጥሪ ምንም አይለይም። ለኢሜይልና ለደረሰኝ ማስገባት ግን ጥሩ ነው። ከደወሉ ይልቅ የሚበጅዎት ለጠዋቱ አንድ ስም ያለው ሥራ መስጠት ነው። «ዛሬ ማስታረቅ እሠራለሁ» ከማለት «እስከ 5 ሰዓት ተኩል የደንበኛዬን የምግብ ቤቱን የየካቲት የባንክ ሒሳብ አስታርቄ እዘጋለሁ» ይበሉ። የተዘጋ ወር ይታያል፤ «ሳስታርቅ ዋልኩ» ግን ማታ ተቀምጠው ሲያስቡት ምንም የለውም። «አለቀ የምለው ሥራ የለኝም» ያሉት፣ እንደሚመስለኝ፣ ማለቂያው የት እንደሆነ ጠዋት ስለማይወስኑት ነው።

የቀኑን ሰዓት እንዲህ ባከፋፍለው እመርጣለሁ። ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ተኩል ከባዱ ሥራ፤ ቡናና ምሳ፤ ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ተኩል ደረሰኝ ማስገባትና ኢሜይል፤ ልጅዎ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ሲመለስ ግማሽ ሰዓት ሙሉ በሙሉ የእሱ፣ ስልኩም ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ ከዚያ ከ10 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ከአሜሪካዎቹ ጋር። ስምንት ሰዓት ሞላ። በዚያ የአራት ሰዓት ጊዜ ልጁን የሚይዘው ወንድምዎ ነው፤ የ17 ዓመት ልጅ ደግሞ ያለ ዋጋ አይያዝም። የኢንተርኔት ጥቅል ይግዙለት፤ የሥራ ላፕቶፕዎን ግን ለፊልም እንዳይሰጡት፤ በውስጡ ያለው የሰው የባንክ መግለጫ ነው።

ይህ አከፋፈል በዓመት ሁለት ጊዜ ይናጋል፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም ይህን ነው። የኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው፤ እነሱ ግን በማርች ሁለተኛ እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ይገፋሉ፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ይመልሳሉ። ስለዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ጠዋት 9 ሰዓት ሲሆን፣ ከመጋቢት መግቢያ አካባቢ እስከ ጥቅምት ማብቂያ እርስዎ ጋ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ነው፤ በቀረው ወራት ግን 11 ሰዓት ይሆናል፣ ማብቂያዎም ማታ 3 ሰዓት ላይ ይደርሳል። በእነዚያ ወራት የልጁን እራትና መኝታ ማን እንደሚይዝ ከጥቅምት በፊት ከቤት ሰው ጋር ይነጋገሩ። ይባስ ብሎ የታክስ ወቅታቸው የሚከብደው በዚሁ ጊዜ ነው፦ የደመወዝ መግለጫ ቅጾች ማስረከቢያቸው ጃንዋሪ 31፣ ማለትም ጥር 23 ገደማ ነው፤ ከፊቱ ገናና ጥምቀት አሉ። የግለሰቦች ታክስ ማስታወቂያ ቀነ ገደብ ደግሞ ኤፕሪል 15፣ ሚያዝያ 7 ነው፤ ይህም ከሁዳዴ ማብቂያና ከፋሲካ ጋር ብዙ ጊዜ ይጋጠማል። በዓላቱን ከአሁኑ በእነሱ የቀን አቆጣጠር ጽፈው ለአሠሪዎ ይላኩ። በዋዜማው የተጠየቀ ፈቃድ ልመና ይመስላል፤ ከሦስት ወር በፊት የተላከ ቀን ግን የሥራ ዕቅድ ነው። የሚጾሙ ከሆነም በሁዳዴ ከባዱን ሥራ ጠዋት ማድረጉ የበለጠ ይጠቅማል።

አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ የሚጠጡትን ሁለተኛ ቡና ግን ይተዉት። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ «ድክም ብሎኝ እንቅልፍ እንቢ ይለኛል» ያሉት ከዚህ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም።

መብራትን በተመለከተ ሁለት ነገር። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ እናትዎ በሚጋግሩበት ቀን ብሬከሩ ወርዶ ስብሰባ መሐል የተቋረጡት ለዚህ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም፤ የመጋገሪያው ቀንና የዙም ስብሰባው ቀን እንዳይገናኙ ማድረግ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፤ የሚሞተው ራውተሩ ነው። አብዛኛው የቤት ራውተር 12 ቮልት ሆኖ ቢበዛ 12 ዋት ያህል ይፈልጋል። 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ወደ 12 ቮልት በሚያሳድግ ገመድ ቢያያዝ፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ አራት አምስት ሰዓት ሊያሠራው ይችላል። በተጨማሪም ጠዋት ሥራ ሲጀምሩ የዕለቱን መግለጫዎች ሁሉ አውርደው ኮምፒዩተርዎ ላይ ያስቀምጡ፤ ኢንተርኔቱ ራሱ ቢጠፋ ኤክሴል ላይ ማስታረቅዎን ይቀጥላሉ።

ለአሠሪዎ መታየትን በሚመለከት፣ እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከሚገባው በላይ ታይቻለሁ። መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ሁላችንንም ወደ ቤት በላከበት ሰሞን፣ በአንድ ትልቅ ስብሰባ ላይ ማይክሮፎኔን ሳልዘጋ አክስቴ ከወጥ ቤት «አንቺ! ሽንኩርቱ አረረ እኮ!» ብላ ስትጮህ ሃያ ሰው ሰማ። ከዚያ በኋላ ለወራት ሪፖርቴን ሁሉ ከሽንኩርቱ ጋር የሚያያይዝ ባልደረባ አልጠፋም። ከስብሰባ ጩኸት ይልቅ በጽሑፍ መታየት ይሻላል። በየቀኑ ሥራ ሲያበቁ ሦስት መስመር ብቻ ይላኩ፦ ዛሬ የዘጋሁት፣ በእጄ ያለው፣ ከእናንተ የምጠብቀው። በሻንጋዩ ሙከራ ከቤት የሠሩት ሰዎች እኩል ውጤት ካላቸው የቢሮ ባልደረቦቻቸው ይልቅ የደረጃ ዕድገት የማግኘት ዕድላቸው አንሶ ተገኝቷል፤ ዐይን ያላየውን ሰው አለቃ ይረሳዋል። ያ ሦስት መስመር ሌላም ጥቅም አለው፦ ከላኩት በኋላ ቀኑ ተዘግቷል። ሌሊት ላፕቶፑን ዳግመኛ አይክፈቱት። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ከውጭ አሠሪ ጋር የገቡት ውል በየትኛው ሕግ እንደሚገዛ ሰነዱን ይዘው የሕግ ባለሙያ ያማክሩ፤ ውሉ ራሱ 8 ሰዓት እያለ 16 ሰዓት መሥራት ግን ማንም ያልጠየቀዎት ስጦታ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄዎ የሥራ ቦታ መከራየትን ወይም ወደ ቀድሞው ሥራ መመለስን ይመለከታል። ሁለቱንም አሁን አይወስኑ። በቅድሚያ ለሁለት ሳምንት በአንድ ደብተር ላይ ሁለት ነገር ብቻ ይመዝግቡ፦ በየጠዋቱ ስንት ጊዜ እንደተነሡና በዕለቱ ስንት ሒሳብ እንደዘጉ። የመነሣቱ ቁጥር ቀንሶ የተዘጋው ሒሳብ ከጨመረ ችግሩ ቤቱ ነበር፤ እናትዎም ፈትተውልዎታል፤ ኪራይ አያስፈልግዎትም። መነሣቱ ሳይቀንስ ከቀረ በሳምንት ሁለት ጠዋት ብቻ ከቤት ወጥተው ይሥሩ፤ ቀን ቀን ባዶ የሚሆን የዘመድ ቤት ካለ ከኪራይ በፊት እሱን ይጠይቁ። ሲትሪፕ ስሙ ትሪፕ ዶት ኮም ከሆነ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ፣ በ1,612 ሠራተኞች ላይ የተደረገ ሌላ ሙከራም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ከቤት መሥራት ውጤትን ሳይቀንስ ሥራ የሚለቁትን በአንድ ሦስተኛ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ ነገሩ የግድ ሙሉ ለሙሉ ቤት ወይም ሙሉ ለሙሉ ቢሮ መሆን የለበትም። መነሣቱ ቀንሶም የሚዘጉት ሒሳብ ካልጨመረ ግን ጉዳዩ ቤቱ አይደለም ማለት ነው፤ ምናልባት የተሰጠዎት የደንበኛ ብዛት ከስምንት ሰዓት በላይ ነው። ያኔ ደብተሩን ይዘው ከአሠሪዎ ጋር በቁጥር ይነጋገሩ። የሁለት ሳምንቱን ቁጥር ከላኩልኝ እኔም አየዋለሁ፤ ጋገራ የነበረበትን ቀን ግን ለይተው ምልክት ያድርጉበት።